የኦክ ማብቀያ ሳጥን፦ ብርጭቆው ያምራል፣ ሥራውን የሚሠራው ግን ፖቱ ነው

ኦክ የተባለውን ትልቅ ዛፍ ከፍሬው ጀምሮ ቤት ውስጥ ለማብቀል ተብለው የሚሸጡ ሳጥኖች ይዘታቸው ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ አንገቱ የጠበበ የብርጭቆ ማስቀመጫ፣ አራት አምስት ረዣዥም ፖቶች፣ ውሃ ሲነካው የሚያብጥ የኮኮናት ቃጫ፣ የሽቦ ወንፊት፣ በከረጢት የታሸገ ፍሬ፣ አንዲት የመመሪያ ወረቀት። ማስታወቂያው ላይ ጎልቶ የሚታየው ብርጭቆው ነው፤ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ግን ፖቱ ነው።

ሳጥኑ እንደተከፈተ መመርመር ያለበት ፍሬው ነው። የኦክ ፍሬ እንደ ስንዴ ወይም ባቄላ ደርቆ የሚከርም ዘር አይደለም። እርጥበቱን ካጣ ይሞታል፤ ከሞተ በኋላ ቢዘፈዘፍም አይነሣም። ስለዚህ በደረቅ ወረቀት ተጠቅልሎ የመጣ ፍሬ ገና ሳይተከል ያለቀለት ነው። በደንብ የታሸገው በረጠበ ሰጋቱራ ወይም በቃጫ ተለውሶ፣ ትንሽ አየር በሚያስገባ ከረጢት ይመጣል። የመጣውን ሁሉ ከፍሬው አናት ላይ የተደፋውን ቆብ አውልቆ ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን ማሳደር፣ ከዚያ የተንሳፈፈውን መጣል፣ የሰመጠውን ማስቀረት ነው።

የሰመጠውም ቢሆን ከነቀዝ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ነቀዟ እንቁላሏን የምትጥለው ፍሬው ገና በዛፉ ላይ ለምለም ሳለ ነው። ክብ ቀዳዳ ያለበት ፍሬ ትሉ በልቶ የወጣበት ነው፤ ቀዳዳ የሌለው ግን ትሉን ገና በውስጡ ይዞ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ከ48 እስከ 49 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ውሃ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ማቆየት ነው። ከ50 ዲግሪ ካለፈ ከትሉ ጋር ፅንሱም አብሮ ይቀቀላል፤ በእጅ ነክቶ መገመት አይበቃም። ቴርሞሜትር ግን ሳጥኑ ውስጥ የለም፤ ከብርጭቆው ይልቅ እሱን ቢያስገቡልን ይሻል ነበር።

ትልቁ ጉድለት የመመሪያው ወረቀት ነው። «ፍሬውን ሦስት ወር ፍሪጅ ውስጥ ያኑሩ» ይላል፣ ለሁሉም ኦክ በአንድነት። ኦክ ግን ሁለት ዋና ወገን አለው። ቅጠሉ ጠርዙ ክብ ክብ የሆነው የነጭ ኦክ ወገን ፍሬው እንደወደቀ በዚያው መኸር ሥር ይሰድዳል፤ ቅዝቃዜ አይጠብቅም። ይህን ሦስት ወር ፍሪጅ ውስጥ ቢያቆዩት ሥሩ ከረጢቱ ውስጥ ተጠማዝዞ ይገኛል፣ ሲያወጡትም ይሰበራል። የቅጠሉ ጫፎች እንደ መርፌ የሾሉት የቀይ ኦክ ወገን ነው ከሁለት እስከ ሦስት ወር በ1 እና በ4 ዲግሪ መካከል እርጥብ ሆኖ መቀመጥ ያለበት። ከረጢቱ ላይ «ኦክ» ብቻ ተጽፎ ከመጣ ገዢው የትኛውን እንደሚያደርግ የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ወደ ብርጭቆው ስንመጣ፣ ለማየት ደስ ይላል፤ ሥር እንዴት እንደሚወርድ ለልጆች ለማሳየት የተሻለ መሣሪያ አይገኝም። ሥሩ የሚወጣው ከሾለው ጫፍ ስለሆነ ያ ጫፍ ወደ ታች ይሆናል። ውሃው የፍሬውን ታችኛ ክፍል ብቻ ይንካ፤ ሙሉ በሙሉ ከሰጠመ ይበሰብሳል። ውሃው በየሳምንቱ ይቀየር። ብርሃን የሚያስገባ ብርጭቆ አልጌ ስለሚያበቅል በጥቁር ወረቀት መጠቅለሉ ይጠቅማል (ያን ጊዜ ውበቱ የት እንደሚገባ ሻጮቹ ይንገሩን)። ሥሩ ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ሲደርስ ወደ አፈር መዛወር አለበት። ውሃ ውስጥ የረዘመ ሥር ቀጭንና ተሰባሪ ነው፤ ቆይቶ ሲተከል ብዙውን ጊዜ ይጠወልጋል።

ፖቱ ግን ምስጋና ይገባዋል። 35 ሴንቲሜትር ጥልቀት፣ 10 ሴንቲሜትር ስፋት፣ ታቹ ክፍት። ኦክ ቅጠል ከማውጣቱ በፊት ዋናውን ሥሩን ወደ ታች ይነዳል። በአጭር ፖት ውስጥ ያ ሥር ወለሉን ሲነካ ይዞርና እንደ ገመድ ይጠመጠማል፤ ዛፉ ካደገ በኋላም ጥምጥሙ አይፈታም። ታቹ ክፍት በሆነ ፖት ውስጥ ግን የሥሩ ጫፍ አየር ሲያገኝ ይደርቅና ከላይ በኩል ብዙ የጎን ሥሮች ይወጣሉ። ይህ የሚሠራው ፖቱ ከመሬት ከፍ ብሎ በወንፊት ላይ ሲቀመጥ ነው። ከሳጥኑ ጋር የሚመጣው ድፍን ሳህን ሥራውን ሁሉ ስለሚያበላሽ ለሌላ ነገር ያውሉት።

የኮኮናት ቃጫው ብቻውን ምግብ የለውም። ሁለት እጅ ቃጫ፣ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ይቀላቀል። ፍሬው በጎኑ ተጋድሞ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር አፈር ይለብሳል፤ በላዩም ወንፊቱ ይታሰራል፤ አይጥ ፍሬውን በአንድ ሌሊት ትለቅመዋለችና። ቡቃያው ከወጣ በኋላ ፍሬውን መንቀል የለም፤ ስንቁ ነው። ፖቱ ውጭ፣ ብርሃን ባለበት ይቀመጥ። መስኮት ሥር የበቀለ ችግኝ ቀጥኖ ይለጠጣል፤ የብርዱን ወራት በሙቅ ክፍል ማሳለፍም የሚያስፈልገውን እረፍት ይነሣዋል። በሙቀቱ ወራት መካከል እድገቱ ለሳምንታት ቢቆም አልታመመም፤ ኦክ የሚያድገው እየዘለለ ነው። ማዳበሪያ ማከል አያስፈልግም።

መመሪያው «አንድ ኦክ 2,300 ዝርያዎችን ይመግባል» ይላል። ቁጥሩ ከብሪታንያ የመጣ ነው፤ በዚያ አገር በቀል ኦኮች ላይ የሚገኙ ወፎችን፣ ነፍሳትን፣ ፈንገሶችንና ሌሎችንም ይጨምራል። ከእነዚህ 326ቱ ያለ ኦክ የማይኖሩ ናቸው። በአሜሪካም የዴላዌር ዩኒቨርሲቲው የነፍሳት ተመራማሪ ዳግላስ ታላሚ ቅጠሉን የሚበሉ ከ900 የማያንሱ የአባጨጓሬ ዓይነቶችን ጠቅሷል። አንድ ጥንድ ቺካዲ የተባለች ትንሽ ወፍ ጫጩቶቿን ለማሳደግ ከ6,000 እስከ 9,000 አባጨጓሬ ስለሚያስፈልጋት የቁጥሩ ትርጉም ይገባል። ግን ቁጥሩ ከዛፉ ጋር አብሮ አይሰደድም። 500 ያህሉ የኦክ ዝርያዎች አብዛኛዎቹ የሰሜን ንፍቀ ክበብ ናቸው፤ ነፍሳቱ ታኒን በተባለ መራራ ንጥረ ነገር የተሞላውን ቅጠል መብላት የለመዱት በረጅም ዘመን ነው። የአሜሪካው ቀይ ኦክ አውሮፓ ውስጥ በጣም ያነሱ ነፍሳትን ነው የሚያስተናግደው፤ በአንዳንድ ቦታም አገር በቀሉን የሚገፋ ወራሪ ሆኗል። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ የዝርያው ሙሉ ስም፣ ለምሳሌ ኩዌርከስ ሮቡር፣ እና ፍሬው የተለቀመበት አካባቢ ካልተጻፈ አይግዙ። ኦክ በተፈጥሮ በማይገኝበት አካባቢ ደግሞ ፖቱን ለአገር በቀል ዛፍ ቢጠቀሙበት የተሻለ ነው።

ተከላው ችግኙ ቅጠሉን ባረገፈበት ወቅት፣ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ዓመት ነው። ከቤት ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ፤ ሲደርቅ በሚሰነጣጠቅ መረሬ አፈር ላይ ከ20 ሜትር በላይ። ዙሪያውን አንድ ሜትር ለሦስት ዓመት ያህል ከአረም ማጽዳት፣ አፈሩ ላይ የሚነጠፈውን ጉዝጓዝም ከግንዱ 10 ሴንቲሜትር ማራቅ ያስፈልጋል። ቅጠሉ ቢበሳሳ መድኃኒት አይረጭ፤ ዛፉ የተተከለው ለዚሁ ነው። የረገፈውንም ቅጠል አይጥረጉት፣ ብዙዎቹ አባጨጓሬዎች ከዛፉ ወርደው ወደ እሳት ራትነት የሚለወጡት እዚያ ውስጥ ነው። በሙቀቱ ወራት መጨረሻ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ሻጋታ ችግኝን ያዳክማል፤ ፖቶችን አራርቆ አየር ማስገባት በአብዛኛው ይበቃል።

ሳጥኑን ሳይገዙ ረዣዥም ፖቶቹን ብቻ ለየብቻ ማግኘት ከተቻለ እሱ ይመረጣል። ፍሬውን በአቅራቢያ ካለ አገር በቀል ኦክ ሥር ይልቀሙ፦ መጀመሪያ የሚረግፈው አብዛኛው ነቀዝ የበላው ስለሆነ ይለፍ፣ ቀጥሎ የሚወድቀውን፣ ከበድ ያለውንና ቆቡ በጣት ሲነካ በቀላሉ የሚወልቀውን ይያዙ፤ በዚያው ሳምንትም ይትከሉት።