ለግፊትና ለድንገተኛ የአይን ችግር የሰፈራችን ክሊኒክ እንዴት ነው?

አዲስ አበባ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ስላለ አንድ መካከለኛ ክሊኒክ ነው የምጽፈው። ስሙን የተውኩት ማስታወቂያ እንዳይመስል ነው። የአይን ሐኪም የላቸውም። እንደዚያም ሆኖ ለእንዲህ ያለ ነገር ቤተሰቤን ደግሜ እወስዳለሁ፤ አቅማቸውን ያውቃሉ፣ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ደግሞ ይዘው አያቆዩም።

አክስቴ የቆየ ግፊት አለባት፣ አምሎዲፒን ትወስዳለች። ምስር እየለቀመች ሳለ ድንገት ቀኝ አይኗ ጨለመባት። አያማትም፣ አልቀላም። ግራ አይኗን በእጇ ስትሸፍን የሰፌዱ ግማሽ አይታያትም። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ፍለጋ ወጣች፣ ሌላው መነጽር ቤት ውሰዷት አለ። እኛ ባጃጅ ይዘን ክሊኒኩ ደረስን።

"ግፊት አለባት፣ አይኗ ድንገት ጠፋባት" ስንል ነርሷ ካርድ እስክናወጣ አልጠበቀችም። ይሄ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ጀርባዋን አስደግፋ፣ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ በልቧ ትክክል አድርጋ ለካቻት። 190 በ120። ትንሽ ቆይታ ደገመችው፣ ያው ነው። "እማማ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው የጀመረዎት?" አለቻት። ስትሮክ እንዳይሆን ብላ ፈገግ እንድትል፣ ሁለቱንም እጆቿን እንድታነሳ አደረገቻት፣ ስኳሯንም ለካች። የጀመረበትን ሰዓት ሪፈር ወረቀቱ አናት ላይ በትልቁ ጻፈችው። አይን ውስጥ ያለው ደም ቅዳ (ደም የሚያመጣው ስር) ሲዘጋ ልክ እንደ ስትሮክ ድንገተኛ ተደርጎ ነው የሚያዘው፣ ሆስፒታል የሚሰጠው ሕክምናም በሰዓታት ይቆጠራል።

ወንድሜ ምላስ ስር የሚደረግ መድኃኒት ስጧት እያለ ሲጨቃጨቅ ጤና መኮንኑ በትዕግስት አስረዳው። ግፊቱ በአንዴ ቁልቁል ከወረደ ወደ አንጎልና ወደ አይን የሚሄደው ደም ይቀንሳል፣ ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ ቀስ ተብሎ፣ ክትትል ባለበት ነው የሚወርደው። ራሳቸው 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ደወሉልን። ሆስፒታል አይኗን በጠብታ አስፍተው ሲያዩ ደም ቅዳው ሳይሆን የደም መልስ ስሩ (ደሙን የሚመልሰው) ተዘግቶ ውስጡ ደም ፈሷል። አሁን ክትትል ላይ ናት፣ እይታዋም እየተሻሻለ ነው።

እንግዲህ መቼ መሮጥ እንዳለባችሁ። ግፊቱ 180 በ120 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የአይን ብዥታ፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መስነፍ ወይም የምላስ መተሳሰር ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ፣ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሌላ ምንም ምልክት ከሌለ ረጋ ብላችሁ ቁጭ በሉ፣ ድጋሚ ለኩ፣ ካልወረደ ሐኪማችሁን አግኙ። ግን አይን ድንገት ከጠፋ ቁጥሩ ዝቅ ቢልም ጠብቁ አልልም። ለትንሽ ደቂቃ ጠፍቶ የተመለሰ እይታም ቢሆን፣ እባካችሁ "ለቀቀኝ" ብላችሁ ቤት አትቀመጡ፣ ለሚመጣ ስትሮክ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። ከ20 ሳምንት በላይ የሆናት ነፍሰ ጡር ደግሞ 140 በ90 ላይም ሆና አይኗ ብልጭ ድርግም ካለባት ወይም ከባድ ራስ ምታት ካላት በዚያው ቀን መታየት አለባት። በወራት ውስጥ ቀስ እያለ የመጣ ብዥታ ግን ቀጠሮ ተይዞለት ይታያል፣ መነጽር ቤትም ያኔ ነው።

ወደ ክሊኒኩ ልመለስ። ቅር ያለኝ ነገር አለ። የግፊት መለኪያው ጨርቅ አንድ ልክ ብቻ ነው። ወፍራም ክንድ ላይ ጠባብ ጨርቅ ሲጠመጠም ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ሰው በከንቱ ይደነግጣል፣ መድኃኒትም ይጨመርበታል። ሰፊውን ግዙ ብያቸዋለሁ፣ እናንተም ስትሄዱ ጠይቋቸው። ማታ ደግሞ ይዘጋሉ። ያኔ በራቸውን ከማንኳኳት በቀጥታ 907 ደውሉ፣ ወይም መኪና ይዛችሁ ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል። የምትወስዱትን መድኃኒት ከነማሸጊያው ያዙ፣ ነርሷ መጀመሪያ ከጠየቀችን ውስጥ እሱ ነበር።