የአማርኛ ፎንቶች ሪቪው፦ ኒያላ፣ ፓወር ግዕዝ፣ አቢሲኒካ፣ ኖቶ፣ እና የሚፅፉባቸው ሰዎች

የሰውን ፎንት (ኮምፒውተር ላይ የሚፅፍበትን የፊደል ቅርፅ) አይቼ ሰውየውን አውቃለሁ ስል ጓደኞቼ ይስቁብኛል ግን የምሬን ነው፣ አንድ ሲቪ ወይ አንድ የእድር ማስታወቂያ አምጡልኝና ፀሐፊው እድሜው ስንት አካባቢ እንደሆነ፣ ምን አይነት ኮምፒውተር ላይ እንደተቀመጠ እነግራችኋለሁ። ለፀባዩ ግን ዋስ አልሆንም።

ከኒያላ ልጀምር። ጆን ሃድሰን እና ጄራልዲን ዌድ ናቸው የሰሩት፣ በፈረንጆቹ 2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው የመጣው፣ ስሙም ያው የኛው የደጋ አጋዘን ነው። በኒያላ የሚፅፍ ሰው ምን አይነት ሰው ነው? ምንም አይነት! አልመረጠማ። ታይምስ ኒው ሮማን ውስጥ የኛ ፊደል የለም፣ ስለዚህ ታይምስ ብላችሁ አማርኛ ስትፅፉ ዎርድ ራሱ ሌላ ፎንት ይተካላችኋል፣ ለረጅም ጊዜ የሚተካው ደሞ ኒያላን ነበር። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ኒያላ ካልጫናችሁት በስተቀር አብሮ አይመጣም፣ ቦታውን ኤብሪማ የሚባለው ሌላ የዊንዶውስ ፎንት ወስዶታል። እና በኤብሪማ የተፃፈ ማመልከቻ ሳይ የማውቀው ሰውየው ላፕቶፕ መቀየሩን ብቻ ነው ሃሃ።

ኒያላ ራሱ ግን ቆንጆ ፎንት ነው፣ የብዕር ወዝ አለው፣ ወፍራምና ቀጭኑ ያስታውቃል፣ ረጅም ፅሁፍ ሲነበብበት አይን አያደክምም። ችግሩ ቦልድ (ወፍራሙ ፊደል) ነው። ኒያላ እኮ ቦልድ የለውም! አንድ ሬጉላር (መደበኛው) ብቻ ነው ያለው፣ ቢ የምትለዋን ስትጫኑ ዎርድ ፊደሉን በግድ ነው የሚያወፍረው፣ ከላይ ሲያዩት ርእሱ ደመቅ ያለ ይመስላል ውስጡን ለቄስ ነው። አስር ሳይዝ ላይ ቦልድ አርጋችሁ "ቤት" ብላችሁ ፃፉና ፎቶኮፒ አስደርጉት፣ የ"ቤ" ቀለበት ቀለም ጠጥቶ ይደፈንና "ቢት" ሆኖ ቁጭ። "ሴ"ም ያው፣ "ጨ"ማ ተዉት። ፎንቱን ባይመርጥም ቦልዱን የመረጠው እሱ ነው፣ እዚህ ላይ ሰውየው ተጠያቂ ነው፣ አትሞ አላየውም ማለት ነው።

ፓወር ግዕዝ ጋ ስንመጣ ደሞ ሌላ ሰው ነው። ይሄ ጣቱ ፈጣን የሆነ፣ ኪቦርዱን ሳያይ የሚመታ፣ መስሪያ ቤት ውስጥ ደብዳቤ ሁሉ በሱ እጅ የሚያልፍ፣ ወይ የኮምፒውተር ፅሁፍና ፎቶኮፒ ቤት ያለው ሰው ነው፣ አክብሮቴ ትልቅ ነው። ግን የድሮዎቹ ፎንቶች የተሰሩት በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ነው፣ ፎንቱ የሌለበት መሳሪያ ላይ እንግሊዝኛው ነው የሚታየው፣ የኛ ፊደል ዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተርና ስልክ የሚጋራው የፊደል ኮድ) ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነዋ፣ ከዛ በፊት ምን ያርጉ። የሚያናድደው ዛሬም በዛው መቀጠሉ ነው፣ አንድ ቢሮ (ስሙ ይቅር) ሙሉ ቅፅ በቴሌግራም ልኮልኝ ስልኬ ላይ ስከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ፐርሰንትና ቅንፍ የተበተነበት ነገር ነው የወጣው፣ ደውዬ ስጠይቅ "እኛ ጋ ይነበባል" አሉኝ። ዩኒኮድ የሆነው ፓወር ግዕዝ አለ እኮ፣ ምናለ ቢቀይሩት።

ፖስተርና የሰርግ ካርድ ላይ ስነምርምር የሚባለው ፕሮጀክት የሰራቸውን ዋሽራ ወይ ጅረት የሚባሉ ፎንቶች ካያችሁ ሰውየው ፎንት ፈልጎ ያወረደ ነው፣ ለዛ ብቻ ነጥብ ይገባዋል። አቢሲኒካ ሲልን (SIL የሚባለው ድርጅት የሰራውን) የሚጠቀመው ደሞ በኔ ልምድ ወይ ዲያቆን ነው፣ ወይ ቋንቋ ያጠና ነው፣ ወይ ሊኑክስ ጫኝ ነው፣ ሶስቱንም የሆነ አውቃለሁ። የቁም ፅህፈት መልክ ስላለው ግዕዝ ሲፃፍበት ያምርበታል፣ ለቢሮ ደብዳቤ ግን ትንሽ ይከብዳል፣ ቦልድም የለውም።

ኖቶ የጎግል ነው፣ ሳንስም (ጫፉ ጌጥ የሌለው) ሰሪፍም (ጫፉ ጌጥ ያለው) አለው፣ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ 9 ውፍረት አለው፣ ማለት ቦልዱ የምር ተስሎ የተሰራ ቦልድ ነው፣ የ"ቤ" ቀለበት ክፍት ሆኖ ይታያል። ሳንሱን የወጣት ዲዛይነር ሁሉ ስራ ላይ ታገኙታላችሁ፣ ለስልክ ስክሪን አሪፍ ነው ግን መስመሩ ሁሉ አንድ አይነት ስለሆነ ሁለት ገፅ ካነበባችሁ በኋላ ይሰለቻል፣ እኔ በግሌ ወዙ ይጎለኛል። ሰሪፉ ነው የኔ ምርጫ። ለሲቪ፣ ለማመልከቻ፣ ለመመረቂያ ፅሁፍ ሰሪፉን ሬጉላር፣ ርእሱን የራሱን ቦልድ፣ በቃ። ምን አይነት ሰው ነው የሚጠቀመው ካላችሁኝ ከመላኩ በፊት አትሞ የሚያይ ሰው ነው፣ እኔ ደሞ እንዲህ አይነቱን ቢሮዬ ብቀጥረው ደስ ይለኛል።

ጎግል ፎንትስ ላይ በነፃ ነው የሚወርደው። ስትልኩ ብቻ ፒዲኤፍ አርጋችሁ ላኩት፣ ዎርዱን እንዳለ ከላካችሁትና እዛ ሰውየው ኮምፒውተር ላይ ኖቶ ከሌለ፣ ያ ሁሉ ድካም በኤብሪማ ነው የሚነበበው።