ከደሴ ኮፒ ቤት የገዛሁት የማይቶኮንድሪያና የክሎሮፕላስት ጥራዝ፦ ግዙት፣ እርሳስም ያዙ

ደሴ ፒያሳ ካሉት ኮፒ ቤቶች በአንዷ ነው ያገኘሁት። ዝናብ ልጠለል ገብቼ ነበር፤ የሐምሌ ዝናብ፣ ጦሳ ራሱ የማይታይበት ዓይነት። ከድሮ የፈተና ጥያቄዎችና ከሲቪ ናሙናዎች መሀል በስፓይራል የተያዘ ጥራዝ ተሰቅሏል። ሽፋኑ ላይ ስለ ማይቶኮንድሪያና ክሎሮፕላስት ዘረመልና አመጣጥ ይላል። በአማርኛ! ባዮሎጂ ሳስተምር አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ከሁለት አንቀጽ ያለፈ የአማርኛ ጽሑፍ እጄ ገብቶ አያውቅም። ዋጋውን ሳልጠይቅ «አውርዱልኝ» አልኩ።

ዋጋው 150 ብር ነው። 56 ገጽ አለው። ያዘጋጀው ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ የሚጠብቅ ልጅ እንደሆነ የቤቷ ባለቤት እትዬ ነገሩኝ። ስሙን ግን ሽፋኑ ላይ አልጻፈም፤ ቢጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፣ ይገባዋልና።

መጀመሪያ ቅር ያለኝን ላውጣው። ስዕሎቹ የኮፒ ኮፒ ስለሆኑ ጠቁረዋል። የማይቶኮንድሪያው የውስጥ ሽፋን እጥፋቶች ጭራሽ አይለዩም፣ የክሎሮፕላስቱ ድርድርም እንደዚያው። ይባስ ብሎ ቤት ገብቼ ስገልጥ ከ31 እስከ 34 ያሉት ገጾች የሉም፤ በቦታቸው ከ27 እስከ 30 ያሉት ሁለተኛ ጊዜ ገብተዋል። የጎደለው ደግሞ በጣም የጓጓሁለት፣ ስለ ውርስ የሚያወራው ክፍል ነው። በማግስቱ ይዤው ተመለስኩ። እትዬ አልተከራከሩኝም። «አብሽር መምህር፣ ልጆቹ ሲያጣጥፉ ተምታቶባቸው ነው» አሉና ሙሉውን ቀየሩልኝ። ለዚህ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

አሁን ወደ ውስጡ።

ተማሪዎቼን ማይቶኮንድሪያ ምንድን ነው ብላቸው ክፍሉ ሁሉ በአንድ ድምፅ «የሕዋስ ኃይል ማመንጫ!» ይላል። ከዚያ በኋላ ዝም ነው። ይህ ጥራዝ ከዚያ አይጀምርም። የሚጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ የሕዋሱ ዲኤንኤ፣ የዘር መረጃው የተጻፈበት ማለት ነው፣ በሕዋሱ እምብርት በኒውክለስ ውስጥ ተሰብስቦ ተቀምጦ ሳለ፣ ማይቶኮንድሪያና ክሎሮፕላስት ለብቻቸው የያዙት ዲኤንኤ የማን ነው? በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በሁለቱም ውስጥ ዲኤንኤ መኖሩ ሲታይ ሳይንቲስቶቹንም ያስጨነቀው ይኸው ጥያቄ ነበር።

የልጁ መልስ አንድ ቃል ናት፦ ደባል። ከአንድ ቢሊዮን ተኩል ዓመት በፊት ወይም ከዚያ ቀደም ብሎ አንድ ሕዋስ አንድ ባክቴሪያ ወደ ውስጡ አስገባ፤ ባክቴሪያው ሳይፈጭ ቀረና አብሮ መኖር ጀመረ። ያ ማይቶኮንድሪያ ሆነ። በኋላ፣ ማይቶኮንድሪያ ቀድሞ ከነበረው ዘር አንዱ ደግሞ በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠራ ሳያኖባክቴሪያ አስገባ። እሱ ክሎሮፕላስት ሆነ። ቅደም ተከተሉን በደንብ አስቀምጦታል፣ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ተማሪዎች በየዓመቱ «እንስሳ ማይቶኮንድሪያ አለው፣ ተክል ደግሞ በምትኩ ክሎሮፕላስት አለው» ብለው ይጽፉልኛል። ታዲያ የጤፍ ቡቃያ ሌሊቱን በምን ይተነፍሳል? ተክል ሁለቱም አለው፤ ሁለተኛው ደባል የገባው የመጀመሪያው ባለበት ቤት ነው።

ታሪኩንም አልዘለለም። ሩሲያዊው ሜሬሽኮቭስኪ የክሎሮፕላስትን ነገር እ.ኤ.አ. በ1905 ጽፎት ነበር፣ ብዙ ሰሚ ግን አላገኘም። አሜሪካዊቷ ሊን ማርጉሊስ ሐሳቡን አስፋፍታ በ1967 እስክታሳትመው ድረስ ጽሑፏ ከደርዘን በላይ መጽሔቶች ተመልሶባታል። ይህን ክፍል ለልጆቼ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ።

የወደድኩት ግን ምዕራፍ ሦስትን ነው፤ ጂኖቹ፣ ማለትም ዲኤንኤው ላይ የተጻፉት ትእዛዞች፣ ከደባሉ ወደ ኒውክለስ እንዴት እንደተዛወሩ የሚያወራውን። የእህቴ ልጅ ለክረምት ማጠናከሪያ ከኩታበር መጥታ እኛው ጋ ናት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልትገባ ነው። እሁድ እናቴ ቡና እያፈላች ልጅቷ ምዕራፉን ታነባለች። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ደባል የሚለውን ስትሰማ ግን ጀበናውን ከከሰሉ አወረደችና «በ77 እኛ ቤት እንደገቡት የራያ ሰዎች ነው በላ» አለች። እኔ አልተወለድኩም ያኔ። ሲመጡ ምጣዳቸውንም ድስታቸውንም ተሸክመው ነበር፤ ጓዳ ሰጠናቸው፣ እሳታቸውንም ለብቻ ነበር የሚያነዱት አለች። ውሎ አድሮ ጨውና በርበሬው አንድ ሆነ። ምጣዳቸው ሲሰበር በእኛው ምጣድ መጋገር ጀመሩ። «ጀበናቸውን ግን እስከ መጨረሻው ለብቻ ነው የያዙት።» ለምን አልኳት። «ቡና ባማራቸው ጊዜ እኛን ይጠብቁ ኖሯል?» አለችኝ።

ዝም ብዬ ጥራዙን ከልጅቷ ተቀበልኩና የሚቀጥለውን ገጽ ገለጥኩ። ምክንያቱም ነገሩ እዚያው ተጽፏል። የሰው ማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ዛሬ 16,569 ፊደል ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ሙሉው ተነቧል። የቀሩት ጂኖች 37 ናቸው፤ ከእነሱም ፕሮቲን የሚያሠሩት 13 ብቻ። ማይቶኮንድሪያው ግን ከአንድ ሺህ በላይ ዓይነት ፕሮቲን ይጠቀማል። ሌላው ሁሉ በኒውክለስ ጂኖች ትእዛዝ ውጭ ይሠራና ወደ ውስጥ ይላካል፤ በእኛ ምጣድ እንደመጋገር ማለት ነው። ክሎሮፕላስቱም ያው ነው። ነጻ ሆኖ የሚኖር ሳያኖባክቴሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ጂኖች ሲኖሩት፣ የአብዛኞቹ ተክሎች ክሎሮፕላስት ከ100 እስከ 130 ያህል ቀርተውታል።

ታዲያ ሁሉም ለምን አልሄዱም? ጥራዙ ሁለት ማብራሪያ ያቀርባል፣ ሁለቱንም በሚዛን። አንደኛው፣ የቀሩት ጂኖች የሚያሠሯቸው ፕሮቲኖች ውሃ የሚሸሹ ስለሆኑ ውጭ ተሠርተው በሽፋኑ ማሳለፍ ያስቸግራል ይላል። ሁለተኛው የሳይንቲስቱ የጆን አለን ሐሳብ ነው፦ ኃይል የማመንጨቱ ሥራ ሲበዛና ሲያንስ እዚያው በቦታው፣ በፍጥነት ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ዋና ዋናዎቹ ጂኖች ከሥራው ቦታ አልራቁም። የእናቴ ጀበና ይህቺው ናት! ልጅቷ ሳቀች፣ እኔ ግን ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ያስተማርኩትን እናቴ በአንድ ሲኒ ቡና ነገረችኝ።

የማስረጃው ምዕራፍም ከእኛ ኑሮ ጋር የተገናኘ ነው። የማይቶኮንድሪያ ራይቦዞም (ፕሮቲን የሚሠራበት መሣሪያው) ከባክቴሪያ ራይቦዞም ጋር ስለሚቀራረብ ክሎራምፌኒኮልን የመሰለ የባክቴሪያ መድኃኒት የእኛንም ማይቶኮንድሪያ ፕሮቲን እንዳይሠራ ያግደዋል፤ መቅኔን የሚያዳክምበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከዚያ ወባ ይመጣል። ሐርቡና ከሚሴ ቆላ ላይ ያደገ ሰው ወባን አያጣትም። የወባ ጥገኛ ውስጥ ግን ከክሎሮፕላስት ዘመድ የሆነች፣ አረንጓዴነቷን ያጣች፣ 35,000 ፊደል ያህል ዲኤንኤ የያዘች አካል እንዳለች ስንቶቻችን እናውቃለን? አፒኮፕላስት ትባላለች። የወባ የሩቅ ቅድመ አያት አልጌ፣ በብርሃን ምግቡን የሚሠራ የውሃ ፍጥረት፣ ውጦ ነበር ማለት ነው። ዶክሲሳይክሊን የተባለው የባክቴሪያ መድኃኒት በወባ ላይ የሚሠራው እሷን እየነካ ነው። እዚህ ላይ ጥራዙን አስቀምጬ ትንሽ በእግሬ ሄድኩ።

ጃርዲያም አለች፣ የሁላችንም የሆድ ጠላት። ማይቶኮንድሪያ የላትም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ግን የተኮማተረ ቅሪቱ፣ ዲኤንኤውን ጨርሶ ያጣው፣ ውስጧ ተገኘ። ልጁ ይህን በሦስት መስመር አልፎታል። ቢያሰፋው ጥሩ ነበር።

እርሳስ ያዙ ያልኩት ለስህተቶቹ ነው። ገጽ 32 ላይ ማይቶኮንድሪያ ከእናት ወደ ሴት ልጅ ብቻ ይተላለፋል ይላል። አይደለም። ወንዱም ሴቷም ከእናታቸው ይወርሳሉ፤ ለልጆቿ የምታስተላልፈው ግን ሴቷ ናት። የወንዱ ዘር ይዟት የሚመጣት ጥቂት ማይቶኮንድሪያ እንቁላሉ ውስጥ ምልክት ተደርጎባት ትጠፋለች። ይህን ለእናቴ ሳስረዳት «እና ያንተ ልጆች የእኔን አይዙም?» አለችኝ። አይዙም እማዬ፣ የእናታቸውን ነው የሚይዙት አልኳት። የእህቴን ልጅ ዞር ብላ አየቻትና «እንግዲያ አንቺው ያዥልኝ» ብላ ሳመቻት።

ገጽ 35 ላይ ደግሞ የማይቶኮንድሪያ ሔዋን የምትባለው በዘመኗ ብቸኛዋ ሴት ነበረች ይላል። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነው፣ ግን በጽሑፍ መቅረት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ጥናት የ147 ሰዎችን ማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ አነጻጽሮ የሁሉም የእናት መስመር ከ200,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ አፍሪካ ውስጥ በነበረች አንዲት ሴት እንደሚገናኝ ነው ያመለከተው። አብረዋት ብዙ ሴቶች ኖረዋል። የእነሱ መስመር የሆነ ትውልድ ላይ ወንድ ብቻ ተወልዶበት፣ ወይም ልጅ ጠፍቶበት ተቋርጧል እንጂ።

ሦስተኛው ስህተት ገጽ 38 ላይ ነው፤ ክሎሮፕላስት ሁልጊዜ ከእናት ነው ይላል። በአብዛኞቹ አበባ አውጪ ተክሎች እውነት ነው። ጥድና ፓቱላ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በኮን ተሸካሚ ዛፎች ክሎሮፕላስት በብዛት የሚመጣው ከአባት፣ በብናኙ በኩል ነው።

የጎደለም አለ። አንድ ሕዋስ ውስጥ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ከመቶዎች እስከ ሺዎች ቅጂ ሊኖር ይችላል፣ ጤነኛውና የተበላሸው ተቀላቅሎ። የተበላሸው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ነው በሽታ የሚመጣው፤ ከአንድ እናት የተወለዱ ልጆች አንዱ በጽኑ ታሞ ሌላው ምንም ላይሆን የሚችለው ለዚህ ነው። ለዚህ የተሰጠው አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፣ በጣም ያንሳል። ማሽላም ጭራሽ አልተነሳም። በወሎ ምድር፣ ቆቦን የመሰለ የማሽላ አገር እያለን! እ.ኤ.አ. በ1954 የተገለጸውና የድቅል ማሽላ ዘር ለማምረት መንገድ የከፈተው የወንዴ መምከን (ተክሉ የሚያዳቅል ብናኝ አለማውጣቱ) በእናት በኩል የሚወረስ፣ ከማይቶኮንድሪያ ጋር የተያያዘ ነገር ነው። ይህ አንድ ምዕራፍ ይገባዋል።

መጨረሻው ግን ያምራል። ቃሪያ ቀልቶ በርበሬ ሲሆን አረንጓዴው ክሎሮፕላስት ራሱ ተለውጦ ቀይ ቀለም ያዥ እንደሚሆን ያስረዳል፤ ያው አካል፣ ያው ዲኤንኤ፣ ሌላ ሥራ። እናቴ ጣሪያ ላይ ያሰጣችውን በርበሬ አሁን በሌላ ዓይን ነው የማየው።

ያገኘኋቸውን ስህተቶች በአንድ ወረቀት ጽፌ ለእትዬ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ልጁ መጥቶ ወስዶታል አሉኝ። እስኪታረም ድረስ ግን ያለውም ይበቃል፣ በተለይ ለአሥራ አንድና አሥራ ሁለት ተማሪዎችና ለእኛ ለመምህራን። ስትገዙ ከመክፈላችሁ በፊት 31ኛውን ገጽ ገልጣችሁ እዩ።