90 ገጽ እና አንዲት ትንሽ ሳጥን

እምነትን በሥራ መግለጥ የሚያለማምድ የ90 ቀን ማስታወሻ ደብተር ገዝቼ ጨረስኩ። ጨረስኩ ስል ገጹን ማለቴ ነው። የማማርረው ነገር ስላለኝ የአሳታሚውን ስም አልጠራም። በራሴ ገንዘብ ነው የገዛሁት፤ ጻፍልኝ ያለኝም የለም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለአንድ ቀን አንድ ገጽ። ከላይ አጭር የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል፣ ከሥሩ ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ማብራሪያ አለ። ከዚያ ሦስት መስመር ይመጣል፦ «ለማን?»፣ «ምን?»፣ «መቼ?»። ከታች በቀኝ በኩል፣ ሲፈጸም ምልክት የምታደርጉባት ትንሽ ሳጥን አለች። ቀን አልታተመበትም፤ ይሄን ወድጄዋለሁ። ሳምንት ዘልዬ ስመለስ የሚወቅሰኝ ባዶ ማክሰኞ የለም።

ጥሩነቱ ያለው «ለማን?» የምትለው መስመር ላይ ነው። ከዚህ በፊት የሞከርኳቸው ደብተሮች «ዛሬ ምን ተማርክ?» ነበር የሚሉኝ። ለዚያማ መልስ አላጣም። ፍቅር፣ ትሕትና፣ ትዕግሥት እያልኩ ገጹን ጢም አደርገዋለሁ። «ለማን?» ሲባል ግን የሰው ስም መጻፍ ግድ ነው።

በሦስተኛው ቀን የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 መጣ። ሥራ የሌለው እምነት የሞተ ነው የሚለውን ቁጥር 17 ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። አንድ ቁጥር ከፍ ብሎ ያለውን ሰውዬ ግን ልብ ብዬው አላውቅም። የታረዘውንና የተራበውን «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ በባዶ እጁ የሚሸኘውን። ስልኬን አነሳሁ። ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት የሥራ ባልደረባዬ የላክሁት የመጨረሻ መልእክት «አይዞህ፣ እጸልይልሃለሁ» ይላል። የተገጣጠሙ እጆች ኢሞጂ ጭምር አለው። አልጸለይኩም ነበር። ለካ «እሳት ሙቅ» ብዬው ኖሯል። ስሙን ጻፍኩ።

የደጉ ሳምራዊ ገጽ ላይ ደግሞ አንድ ጥሩ ማብራሪያ አለ። ሳምራዊው መንገድ ላይ ወድቆ ያገኘውን ቁስለኛ እንዲጠብቅለት ለእንግዶች ማረፊያው ጠባቂ የሰጠው ሁለት ዲናር ነው። ማቴዎስ 20 ላይ የወይኑ አትክልት ሠራተኞች የተስማሙበት የቀን ደመወዝ አንድ ዲናር ነው። ስለዚህ የአንድ ሠራተኛ የሁለት ቀን ደመወዝ ነው ያወጣው። ደመወዜን ለ22 የሥራ ቀን አካፈልኩና በሁለት አባዛሁት። ቁጥሩን ሳየው ካልኩሌተሩን ዘጋሁት። በማግስቱ እንደገና ከፈትኩት። ገንዘቡ ለባልደረባዬ መድኃኒት ሄደ። ግራ እጅህ አትወቅ ተብሎ ሳለ ይሄን እዚህ መጻፌ ልክ ይሁን አይሁን እንጃ፤ ግምገማ ነው ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ።

ደብተሩ የሚሳነውም እዚሁ ላይ ነው። ሳምራዊው «ስመለስ እከፍልሃለሁ» ብሎ ነው የሄደው። ተመልሶ የመምጣት ሐሳብ ነበረው ማለት ነው። ደብተሩ ግን አይመለስም። ነገ አዲስ ገጽ፣ አዲስ ስም። 90 ቀን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ «ያ የትናንቱ ሰው እንዴት ሆነ?» አይልም።

ስለ ቀራጩ ዘኬዎስ የሚናገረው ገጽ ሥራ ቦታ ድረስ ተከተለኝ። ያልሠራሁትን የሁለት ሰዓት ትርፍ ሰዓት ሞልቼ ተከፍሎኝ ነበር። ሄጄ ይቆረጥልኝ አልኩ። ሒሳብ ክፍል ያለችው ልጅ ለዚህ የሚሆን ፎርም የለንም ብላ ሳቀች። ዘኬዎስ ያለ አግባብ የወሰድኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነበር ያለው። እኔ ያችኑ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የመለስኩት።

ወረቀቱ ስስ ነው፤ ቀለም ወደ ጀርባው ይዘልቃል። በእርሳስ ብትጽፉ ይሻላል። ጥራዙ ግን ጠንካራ ነው።

አሁን ወደ ሳጥኗ። አንድ ምሽት ባለቤቴ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ አገኘችው። «ለማን?» የሚለው ላይ የሷ ስም፣ «ምን?» የሚለው ላይ «ዕቃ ማጠብ፣ ሳትጠይቀኝ»፣ ሳጥኗ ውስጥ የራይት ምልክት። አነበበችና ቀና ብላ አየችኝ። «ለካ እኔ የቤት ሥራህ ነኝ?» አለችኝ። መጀመሪያ የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ። አልቀለደችም። ወደ ኋላ ገልጬ ቆጠርኩ፤ ስሟ ሰባት ቦታ አለ፣ ሰባቱም ላይ ምልክት አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ምልክቱን ሳደርግ ደስ ይለኝ ነበር። ዕቃውን ሳጥብ ግን እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ። ሳጥኗ ባትኖር አራት ተኩል እሰጠው ነበር። ሆኖም ሁለተኛ ገዝቻለሁ። ባለቤቴ ቁጭ ብላ 90ውንም ሳጥን በማርከር አጠቆረችልኝ። አሁን በሳጥኗ ፋንታ ከዳር «ተመለስኩ?» ብዬ እጽፋለሁ።

ከመጀመሪያው ደብተር ገጽ 34 ላይ የወንድሜ ስም አለ። «ምን?» የሚለው ላይ «መደወል»። «መቼ?» ባዶ ነው። ያችን ገጽ ቀድጄ አዲሱ ውስጥ ከትቻታለሁ።