ጊታሬን ላቆሙልኝ የምናለሽ ተራ በያጅ፣ ምስጋናዬ ይድረስ

ሰሞኑን ሥራ ቤቴ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ጊታሮቹ አይደለም። "ይሄን ማቆሚያ ከየት አመጣኸው?" ነው የሚለኝ። ለእያንዳንዱ ስመልስ ከምውል እዚህ ልጻፈው። ደግሞም የሠሩልኝ ሰው በአደባባይ ሊመሰገኑ ይገባል።

አዲስ አበባ ውስጥ ጊታር እጠግናለሁ፣ እሠራለሁም። ጎኑንና ጀርባውን ከዋንዛ እሠራለሁ። ፊቱን ደግሞ ስፕሩስ ከሚባል ከውጭ ከሚመጣ እንጨት። ሥራው ደስ ይላል፤ ግን ለዓመታት አንድ ነገር ሲያሰቃየኝ ኖሯል። ሳጥኑን፣ ማለት የጊታሩን ሆድ፣ ምን ላይ አስቀምጬ ልሥራው?

ነገሩ ላልሠራው ሰው ቀላል ሊመስል ይችላል። የአኩስቲክ ጊታር ጎን 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ፊቱም 3 ሚሊ ሜትር ቢሞላ ነው። እንዲህ የሚሳሳው ድምፅ እንዲሰጥ ነው፤ ወፍራም ጣውላ ታፍኖ ይቀራል። ጊታሩ ሲያልቅ የ6ቱ የብረት ክሮች ጉተት ተደምሮ 70 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ያንን የሚችለው ከውስጥ በተለጠፉት ደጋፊ እንጨቶች ነው። ከጎን ከተጫኑት ግን እንደ እንቁላል ቅርፊት ነው። ሞርሳ ላይ አስረው የሚልጉት ነገር አይደለም። ጠረጴዛ ላይ ቢያስተኙት ጀርባው ጎበጥ ያለ ስለሆነ ይዋልላል፣ ፊቱም ይጫራል። ስለዚህ ጭኔ መሃል ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ ነበር የምሠራው። ማታ ማታ ወገቤን ቀና ማድረግ እስኪያቅተኝ ድረስ።

ባለፈው ዓመት ሌላ ቦታ ማቆሚያ አሠርቼ ነበር። ስዕል ይዤ ሄድኩ፣ እነሱም ስዕሉን አይተው ሠሩት። 4 እግር ነበረው። ሲያዩት ያምራል። አንድ ቀን የሳጥኑን ጠርዝ ስፍቅ ማቆሚያው ተወዛወዘና ከነጊታሩ ወደቀ። የደንበኛ ሥራ ነበር። ጎኑ ከወገቡ ጀምሮ እስከ ታች ተተረተረ። ያ ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ደንበኛዬ ሳይከፋው 2 ወር ተጨማሪ ጠበቀኝ፤ እሱንም እግዜር ይስጠው።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ጓደኛዬ "ምናለሽ ተራ ሂድ" ያለኝ። መርካቶን የሚያውቅ ምናለሽ ተራን ያውቃል። አሮጌ በርሜል ምድጃ የሚሆንበት፣ ላሜራ ባልዲ የሚሆንበት፣ ከጠዋት እስከ ማታ መዶሻ የማያርፍበት ሰፈር ነው። ጋሼን እዚያ አገኘኋቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

ስዕሌን አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። አየት አደረጉትና መልሰው አጠፉት።

"ልጄ፣ ይሄን ተወው። መጀመሪያ ስትሠራ ልይህ።"

"እዚህ እንዴት አድርጌ ላሳይዎት ጋሼ?"

"እዚህማ ምን ታሳየኛለህ። እሑድ ቤትህ እመጣለሁ።"

እውነትም መጡ። ዱካ ላይ ቁጭ ብለው አንድ ሰዓት ያህል ምንም ሳይናገሩ አዩኝ። ስልግ፣ ስፍቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሳሽ፣ ሳጥኑን ሳገላብጥ። ከዚያ ተነሡና መላጊያውን አስይዘው አቆሙኝ። ሜትራቸውን አውጥተው ከወለሉ እስከ ክርኔ ለኩ። 104 ሴንቲ ሜትር። "ስትልግ ከዚህ ዝቅ፣ ጠርዝ ስትሠራ ከዚህ ከፍ ይበል። አንድ ቁመት አይበቃህም" አሉኝ። ይህን እኔ አስቤው አላውቅም። 10 ዓመት የሠራሁትን ሥራ እሳቸው በአንድ ሰዓት አዩት።

ሲወጡ ወለሉን በእግራቸው መታ መታ አደረጉ። ወለሌ አሮጌ ሲሚንቶ ነው፣ ወጣ ገባ አለው።

"ጉልቻ ለምን ሦስት ሆነ?" አሉኝ።

ዝም ስላቸው ራሳቸው መለሱ። "ሦስት እግር የትም ይቀመጣል። የሚያጣላው አራተኛው ነው።"

የወደቀው ጊታር ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

አሁን ስለ ማቆሚያው ልንገራችሁ፤ ማሠራት የምትፈልጉ ስላላችሁ በደንብ ልግለጸው። ከታች የአይሱዙ የጭነት መኪና አሮጌ ፍሬን ታምቡር አለ። ክብደቱ እሱ ነው። ብቻዬን ከቦታው ላንቀሳቅሰው ታግያለሁ። ታምቡሩ ላይ 3 አጫጭር እግሮች ተበይደዋል። መሃሉ ላይ አንዱ ቱቦላሬ ሌላው ውስጥ ይገባል፤ በየ3 ሴንቲ ሜትሩ ቀዳዳ አለው፣ በፒን ይቆለፋል። ከ85 እስከ 115 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፣ ይወርዳል። አናቱ ላይ የባጃጅ ጎማ ኩሽኔታ ገብቶለታል። ሳጥኑን ሳልፈታ ዙሪያውን አዞረዋለሁ። እንደ ጠረጴዛ ጋደም ይላል፣ እንደ መስኮትም ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ሳጥኑን የሚያቅፉት 4 ክንዶች ናቸው። 2ቱ ሰፊውን ታችኛውን ክፍል፣ 2ቱ ወገቡን ይይዛሉ። እያንዳንዳቸው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ስለሚንሸራተቱ ትንሹንም ትልቁንም ጊታር ይይዛል። የሚጠብቁት በብሎን ነው። እኔ በመፍቻ የሚጠብቅ ዳዶ ይሁንልኝ ብዬ ነበር። ጋሼ እምቢ አሉ። "መፍቻ ከያዝክ ሳታውቀው ትጨምራለህ፣ ጣውላው ይሰነጠቃል። ጣትህ እስከቻለ ብቻ ይጥበቅ።" እያንዳንዱ ብሎን ላይ በጣት የሚዞር አጭር ዘንግ በየዱበት። እስካሁን አንድም ሳጥን አልተሰነጠቀብኝም።

አንድ ነገር ግን መጀመሪያ አልሆነም። የክንዶቹን ጫፍ በከመነዳሪ ነበር የሸፈኑት። ላስቲኩ ለስላሳ ነው፣ አያንሸራትትም። ግን ነጩ ስፕሩስ ላይ ጥቁር ምልክት ጣለ። ደግነቱ የሞከርኩት በቁራጭ እንጨት ላይ ነው። ደውዬ ነገርኳቸው። በማግስቱ ስስ የበግ ቆዳና ኮላ ይዘው ራሳቸው መጡ። ላስቲኩን ሳያነሡ ቆዳውን በላዩ አለበሱት፣ ሻካራው ፊት ወደ ውጭ። ለዚያ ተጨማሪ ገንዘብ አልጠየቁኝም። ስሰጣቸውም አልተቀበሉኝም። "የኔ ስህተት ነው፤ ቀለም እንደሚለቅ ማሰብ ነበረብኝ" አሉኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ አሠርቶ ይህን ቃል የሰማ እጁን ያውጣ። እኔ ከእሳቸው ሌላ ከማንም አልሰማሁም።

ቀጠሮን በተመለከተ እውነቱን ልናገር። በ10 ቀን ብለውኝ 2 ሳምንት ፈጀ። መብራት ጠፍቶ ነው። ግን ሳልደውል ቀድመው ደወሉልኝ። ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ፣ ቀሪውን ስረከብ። ከተስማማነው ላይ አንድ ብር አልተጨመረም። ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም፤ የብረት ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ያሳስታችኋል።

ለውጡ ምን ይመስላል? በቀደም የአንድ ሳጥን ጠርዝ ዙሪያውን ማስጌጫ ስለጥፍ 4 ሰዓት ቆምኩ። ቆሜ ነው የምላችሁ፣ ቀጥ ብዬ። ሳጥኑ እንደ በግ ዝም ብሎ ተይዞልኝ፣ እኔ በቀስታ እያዞርኩት። ማታ ልጄን አንሥቼ አቀፍኳት። ይህን ለጋሼ በስልክ ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና "አልሐምዱሊላህ" አሉ።

ክራር ለምትሠሩ፣ ማሲንቆ ለምትጠግኑ፣ የወንበር እጅ ለምትቀርጹ፣ ስስ ነገር ይዛችሁ ለምትሠሩ ሁሉ እሳቸውን እጠቁማለሁ። አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ፤ እሳቸውም ፈቅደውልኛል። ስትሄዱ ስዕል ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። የምትሠሩትን ዕቃ ራሱን ያዙ፤ ካልቻላችሁ በካርቶን ቅርጹን ቆርጣችሁ ውሰዱ። ቤታችሁ መጥተው ልያችሁ ካሏችሁ እሺ በሉ። አርብ ቀትር ላይ ለጁምዓ አንዋር መስጊድ ስለሚሄዱ አታገኟቸውም፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ድረሱ። ስትደርሱ ጊታር ሠሪው ነው የላከኝ በሏቸው፤ ያውቁኛል።