50 ሚሊሲቨርት ይላል ካርቶኑ

የቆዩ የእጅ ሰዓቶች እጠግናለሁ፤ ይህችን ትንሽ ጋይገር ቆጣሪ (የጨረራ መለኪያ) የገዛሁትም ለዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ ከተሠሩት ሰዓቶች ብዙዎቹ በጨለማ እንዲያበሩ ቁጥራቸው በራዲየም ቀለም ተቀብቷል። ቀለሙ ዛሬ ማብራቱን ቢተውም ጨረራው አልቀነሰም ማለት ይቻላል፤ የራዲየም-226 ግማሽ ዕድሜ (በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 1600 ዓመት ነውና። መስታወቱን ከመክፈቴ በፊት ራዲየም ይኑርበት አይኑርበት ማወቅ እፈልጋለሁ።

ለዚህ ሥራ አታሳፍርም። ባዶ ጠረጴዛ ላይ በደቂቃ 25 ምት (ጨረራ ሲነካት የምትሰጠው ምልክት) ገደማ ትቆጥራለች፤ ራዲየም ያለበት ሰዓት ሲጠጋት ጩኸቷ ወዲያው ይለወጣል። «አለ ወይስ የለም?» ለሚለው መልሷ ፈጣን ነው። «ስንት ነው?» ሲባል ግን ትዕግሥት ያሻል። 25 ምት ላይ የአጋጣሚው መዋዠቅ ብቻውን 5 ያህል፣ ማለትም 20 በመቶ ነው። 10 ደቂቃ አስቆጥሬ 250 ሲሞላ ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ከነጥቡ በኋላ የምትዘለው ሁለተኛዋ አኃዝ ጌጥ ናት፤ አላያትም።

የሚያበሳጨኝ የላይኛው ጫፍ ነው። ካርቶኑ «እስከ 50 ሚሊሲቨርት በሰዓት» ይላል (ሲቨርት የጨረራ መጠን መለኪያ ነው፤ ሚሊ ሺኛው፣ ማይክሮ ሚሊዮንኛው)። ክዳኑን ፈትቼ አየሁ፤ ውስጡ ያለው ጨረራ የሚቆጥር አንድ ቱቦ ብቻ ነው፦ ኤስ ቢ ኤም-20፣ የሶቪየት ዘመን ሥራ፣ በ400 ቮልት ግድም የሚሠራ። ይህ ቱቦ አንድ ምት ከቆጠረ በኋላ 190 ማይክሮሰከንድ ያህል ደንዝዞ ይቆያል፤ በዚያ መሐል የሚመጣውን አያይም። እንግዲህ የፈለገው ቢዘንብበት በሰከንድ ከ5300 በላይ መቁጠር አይሆንለትም። በ1 ማይክሮሲቨርት በሰዓት በደቂቃ 150 ያህል ይቆጥራል ብለን ብናሰላ፣ ለ50 ሚሊሲቨርት በሰከንድ 125,000 ምት ያስፈልጋል። ቱቦው የዚያን ሃያኛ እንኳ አይደርስም።

ሻጩን ስጠይቀው «ሶፍትዌሩ ያስተካክለዋል» አለኝ። እውነት ነው፣ እስከ አንድ ቦታ ያስተካክላል። በሰከንድ 1000 ከታየ የድንዛዜው ጊዜ ተቀንሶ እውነተኛው 1235 አካባቢ ይሆናል፤ ይህም 500 ማይክሮሲቨርት በሰዓት ገደማ ነው፣ እስከዚያ አምናታለሁ። ወደ ጣሪያው በተጠጋች ቁጥር ግን ጥቂት ምት ስትዛነፍ ውጤቱ በብዙ እጥፍ ይዘላል። ቱቦው ያላየውን ሶፍትዌር ከየት ያመጣዋል?

ከዚህ የባሰም አለ። ጨረራው እጅግ ሲበረታ ቱቦው ማገገሚያ ስለሚያጣ ምቶቹ ይኮሰምናሉ፤ ሰርኪዩቱም አይቆጥራቸውም። ንባቡ ተመልሶ ይወርዳል፤ ዜሮ ሊያሳይም ይችላል። አሜሪካኖች በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ለሲቪል መከላከያ ሁለት ዓይነት መሣሪያ ያሠሩት በከንቱ አልነበረም፦ ጋይገሩ ሲ ዲ ቪ-700 እስከ 50 ሚሊሮንትገን በሰዓት ብቻ (ሮንትገን የቆየ የጨረራ መለኪያ ነው)፤ ለከባዱ ደግሞ ሲ ዲ ቪ-715፣ አዮን ቻምበር (ምት ሳይቆጥር ጨረራው የሚፈጥረውን የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚለካ ክፍል) ያለው፣ እስከ 500 ሮንትገን በሰዓት። የእኔዋ «ከልኬ አልፏል» የምትልበት ምልክት እንኳ የላትም። ኮከብ የቀነስኩባት በዚህ ነው፤ ከአምስት ሦስት።

ለሰዓት ጠጋኞች አንድ ነገር፦ ሚዛኗ የተቃኘው በሲዚየም-137 ጋማ (ዘልቆ በሚገባው የጨረራ ዓይነት) ነው። በመስታወቱ በኩል ስታስጠጓት ሌላው የጨረራ ዓይነት፣ ቤታውም፣ አብሮ ስለሚቆጠር የምታሳየው ሲቨርት ከእውነቱ ይበልጣል፤ በቀላሉ የሚታገደውን የጨረራ ዓይነት፣ አልፋን፣ ደግሞ የቱቦው ብረት ጨርሶ አያሳልፍም። ቀለሙ ተፈርፍሮ ሲቦን የምፈራው ወደ ሳንባ የሚገባውን አልፋ ስለሆነ፣ አሁን የሚካ መስኮት (አልፋን የሚያሳልፍ ስስ የማዕድን ሽፋን) ያለው ሌላ መሣሪያ እያፈላለግሁ ነው።