ፕላስና ማይነስን ላስታረቁልን ባለሙያ ምስጋናና ጥቆማ

ከመብራት መስመር ርቆ ላለው ጤና ጣቢያችን የሶላሩን የባትሪ ኬብል እንደገና ለዘረጉልን ባለሙያና ለረዳታቸው በአደባባይ ምስጋናችን ይድረሳቸው። «እጃችሁ ይባረክ» ብለን ብቻ ብንተወው ለሌላው አይጠቅምም። ስለዚህ ምን እንደሠሩና ለምን እንደሠሩ በቁጥር እንጽፈዋለን፤ ሌላ ሰው ስታሠሩም ምኑን ማየት እንዳለባችሁ ይገባችኋል። አዲስ ኢንቨርተርም (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ዕቃ) አዲስ ባትሪም አላስገዙንም። በዚህ ዘመን ይህ ብቻውን ለጥቆማ ይበቃ ነበር።

ሲስተሙ 5 ኪሎዋት የሆነ የ48 ቮልት ኢንቨርተርና በትይዩ የታሰሩ 4 የሊቲየም ባትሪዎች ነው። እያንዳንዱ ባትሪ 51.2 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ነው። ኬብሉ 50 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ ስለሆነ ውፍረቱ አያሳማም። ችግሩ አካሄዱ ላይ ነበር። ቀዩ በግድግዳው ቀኝ፣ ጥቁሩ በግራ፣ በመካከላቸው 60 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይዘው 3.5 ሜትር ይጓዙ ነበር። ለዓይን ያምራል። ብዙ ሰው እንዲያውም ጥንቃቄ ማለት ይህ ይመስለዋል፤ ፕላስና ማይነስ በተራራቁ ቁጥር አደጋው የቀነሰ ይመስላልና።

ምልክቶቹ ለብዙ ሶላር ተጠቃሚ እንግዳ አይደሉም። ባትሪው 80 በመቶ ሞልቶ ሳለ የውሃ ፓምፑ ሲነሳ ኢንቨርተሩ «ባትሪ ዝቅ ብሏል» ብሎ ይጮኻል። ከባትሪዎቹ ቢኤምኤስ (ባትሪውን የሚቆጣጠርና የሚጠብቅ ሰርኪዩት) ጋር የሚነጋገርበት መስመር ጭነት ሲበዛ ይቆራረጣል። ሽፋኑ ሲከፈት ደግሞ ከመግቢያው ካፓሲተሮች (ኃይል ለአፍታ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች) የሁለቱ አናት አብጦ ተገኘ። እንዲህ ሲሆን የተለመደው ፍርድ «ባትሪው ደክሟል» ነው። እኚህ ባለሙያ ግን ከቴስተር በፊት ያወጡት ሜትር ነበር፤ የኬብሉን ርዝመትና በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ።

«ዲሲ (አቅጣጫው የማይቀያየር ፍሰት) ነው፤ ኢንደክታንስ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ከባትሪው የሚወጣው ፍሰት ግን ለጥ ያለ አይደለም። ባለአንድ ፌዝ 50 ኸርዝ የሚያወጣ ኢንቨርተር ከባትሪው በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ፍሰት ይስባል። 4 ኪሎዋት ሲጫን አማካዩ 80 አምፔር ያህል ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር ግን ከዜሮ አጠገብ ተነስቶ 160 አምፔር አካባቢ ይደርሳል። ኮምፒውተርና ቻርጀር ፍሰቱን ሾጠጥ አድርገው ስለሚስቡ የ200፣ የ300፣ የ400 ኸርዝ ብዜቶችን ይጨምሩበታል። ኢንደክታንስ ደግሞ ፍሰት ሲለዋወጥ የሚቃወም ባሕርይ ነው። መጠኑን የሚወስነው በዋናነት በሄደውና በሚመለሰው ኬብል መካከል የተከፈተው ስፋት ነው። ሁለቱ ሲጠጋጉ የአንዱ መግነጢሳዊ መስክ የሌላውን ይሽራል፤ ሲራራቁ ግን መሐላቸው እንደ አንድ ትልቅ ጥቅል ሽቦ ይሆናል።

በቁጥር እንየው። ሁለት ባለ 50 ኬብሎች በ60 ሳንቲ ሜትር ሲራራቁ በየሜትሩ ወደ 2 ማይክሮሄንሪ (የኢንደክታንስ መለኪያ) ይይዛሉ። ጎን ለጎን ተነካክተው ሲሄዱ ግን ግማሽ ማይክሮሄንሪ ብቻ ነው፤ ወደ ሩብ ወረደ ማለት ነው። ኬብሉን ከ50 ወደ 95 ብታወፍሩትና ክፍተቱን ብትተዉት የሚቀንሰው 6 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ «ወፍራም ግዙ» የሚለው ምክር ለኬብል ሙቀትና ለቮልት መውረድ እንጂ ለዚህ በሽታ መድኃኒት አይደለም፤ ብሩ ባክኖ ኢንቨርተሩም ይጮኻል።

የእኛ 3.5 ሜትር 7 ማይክሮሄንሪ ይሆናል። ትንሽ ይመስላል። ኢንቨርተሩ መግቢያ ላይ 10 ሺህ ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አለ ብለን ብናሰላ፣ ኬብሉና ካፓሲተሩ ተጣምረው በ600 ኸርዝ አካባቢ አብረው ይወዛወዛሉ። 600 የ100 ስድስተኛ ብዜት ነው። ከጭነቱ የሚመጣው ግፊት ከዚህ ጋር ሲገጥም ካፓሲተሩ ውስጥ የሚመላለሰው ፍሰት ያድጋል፤ ይሞቃል፣ ይደርቃል፣ ያብጣል። ፓምፑ በአንድ ጊዜ 200 አምፔር ሲጠይቅ ደግሞ ከኢንደክታንሱ የተነሳ ብቻ እስከ 5 ቮልት የሚደርስ ቅጽበታዊ መውረድ ይፈጠራል። ከሚሊሰከንድ የማይበልጥ ነገር ነው፤ ሆኖም ኬብሉና ባትሪው ራሳቸው ከሚበሉት ቮልት ላይ ሲደመር፣ ቶሎ የሚያነብ መቆጣጠሪያ ያለው ኢንቨርተር ባትሪው ያለቀ ይመስለዋል። የፓምፑ ጩኸት ምስጢር ይኸው ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው ሲቆረጥ ነው። ቢኤምኤሱ አደጋ አይቶ 200 አምፔርን በ10 ማይክሮሰከንድ ቢቆርጥ፣ በ7 ማይክሮሄንሪ ላይ 140 ቮልት በባትሪው ቮልት ላይ ተደርቦ ይመጣል። በዚህ ዓይነት ባትሪ ውስጥ 100 ቮልት የሚችሉ ሞስፌቶች (ፍሰቱን የሚከፍቱና የሚዘጉ የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያዎች) ብዙ ጊዜ ይገኛሉ። ባትሪውን እንዲጠብቅ የተቀመጠው ዕቃ ራሱ እየጠበቀ ሳለ ሊቃጠል ይችላል ማለት ነው። በ1 ማይክሮሄንሪ ግን ያው ቁጥር 20 ቮልት ብቻ ነው።

ወደ ሥራው እንምጣ። ማጥፊያው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ጭነቱ፣ ቀጥሎ ኢንቨርተሩ፣ ከዚያ የሶላር ፓነሉ ብሬከር፣ መጨረሻ ላይ ባትሪው። ፓነሉ እየሞላ ባትሪን ቀድሞ መንቀል ቻርጅ ኮንትሮለሩን (ከፓነሉ ወደ ባትሪ የሚገባውን የሚቆጣጠረውን) ሊገድል ይችላል። ካፓሲተሮቹ ባዶ መሆናቸውን በቴስተር አረጋገጡ፤ ረዳታቸውም ሰዓቷንና ቀለበቷን አውልቃ ነው የጀመረችው።

ቀጥሎ ኢንቨርተሩን ከግድግዳው ነቅለው ወደ ባትሪው መደርደሪያ አቀረቡት። ከባትሪዎቹ ጎን እንጂ ከላያቸው አልሰቀሉትም። የነበሩትን ሁለት ባለ 3.5 ሜትር ኬብሎች ቆረጡና ከቀዩ ሁለት ባለ 1.2 ሜትር፣ ከጥቁሩ ሁለት ባለ 1.7 ሜትር አወጡ። ኬብሉ ያው ነው፤ አሁን ግን በእያንዳንዱ ወገን 100 ሚሊ ሜትር ካሬ ሆነ። አራቱን ሲደረድሩ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ጥቁር እያፈራረቁ ነው። ሁለቱን ቀይ ባንድ ወገን፣ ሁለቱን ጥቁር በሌላ ወገን ቢያደርጉት ጥቅሙ ጉልህ አይሆንም ነበር። በየ15 ሳንቲ ሜትሩ በፕላስቲክ ማሰሪያ አሰሩት፤ ሽፋኑ እስኪሰረጉድ ግን አላጠበቁም። የዋናው መስመር ኢንደክታንስ ከ7 ተነስቶ ከ1 ማይክሮሄንሪ በታች ወረደ፤ የካፓሲተሩ ውዝዋዜም ከ600 ኸርዝ ወደ 1,700 አካባቢ ወጥቶ ከጠንካሮቹ ብዜቶች ራቀ።

ጥቁሩ ለምን ረዘመ? እዚህ ላይ ነው የእጃቸው ብስለት የሚታየው። ቀድሞ ፕላሱም ማይነሱም የሚወጡት ከላይኛው ባትሪ ነበር። እንዲህ ሲሆን ላይኛው ከድርሻው በላይ ይሠራል፤ ታችኛው ያርፋል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ፕላሱን ከመጀመሪያው ባትሪ፣ ማይነሱን ከመጨረሻው ማውጣት። ብዙ ሠሪዎች ይህን ያደርጉና ማይነሱን ከታች በቀጥታ ወደ ኢንቨርተሩ ይልኩታል፤ በዚያው የመደርደሪያውን ቁመት የሚያህል ስፋት ይከፍታሉ። ድርሻው ተስተካከለ፣ ኢንደክታንሱ ተመለሰ። እኚህ ባለሙያ ግን ጥቁሩን ከታችኛው ባትሪ አንስተው፣ ባትሪዎቹን የሚያገናኙትን የፕላስ አጫጭር ኬብሎች ተጠግቶ ሽቅብ እንዲወጣ አደረጉት፤ ላይ ሲደርስ ከቀዩ ጋር ተገናኝቶ አብረው ይሄዳሉ። ለአራት ባትሪ ይህ ይበቃል። ከዚያ ለሚበልጥ ግን ለእያንዳንዱ ባትሪ እኩል ርዝመት ያለው ጥንድ ኬብል እየሰጡ፣ ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት የመዳብ ባስባሮች (ብዙ ኬብል የሚታሰርባቸው የመዳብ ዘንጎች) ላይ መሰብሰብ እንደሚሻል ነግረውናል፤ ትክክል ናቸው።

የላሜራው ሳጥን ሌላ ጉድ ነበር። ቀዩ በአንድ ቀዳዳ፣ ጥቁሩ በሌላ ነበር የሚገባው። ብረት አንድ ብቻውን የሆነ ኬብል ሲያልፍበት የሚለዋወጠውን መስክ ይሰበስባል፤ ኢንደክታንስ ይጨምራል፣ ላሜራውም ይሞቃል። ሳጥኑን አውጥተው ከቤት ውጭ በግራይንደር ሁለቱን ቀዳዳዎች አገናኟቸው፤ የብረት ብናኙን ጠርገው ጠርዙን በጎማ ሸፈኑት። አራቱም ኬብሎች አሁን በአንድ በር ይገባሉ።

ፕላስና ማይነስ ተጠጋግተው ሲሄዱ ሾርት ይፈራል፤ ፍርሃቱም ተገቢ ነው። መልሱ ማራራቅ ሳይሆን ፊውዝ ነው። የተገዛውም ዋና ዕቃ ይኸው ነበር፦ 200 አምፔር ክላስ ቲ ፊውዝ (ከፍተኛ የሾርት ፍሰት መቁረጥ የሚችል ዓይነት)፣ ከላይኛው ባትሪ ፕላስ 20 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ። ሊቲየም ባትሪ ሾርት ሲሆን በሺህ የሚቆጠር አምፔር ይተፋል፤ ተራ የመኪና ፊውዝ ቢቀልጥም ብልጭታውን ላያጠፋው ይችላል። ኬብሎቹ የሚነካኩበት ቦታ ሁሉ ተጨማሪ ፕላስቲክ ቱቦ ለብሷል።

አንድ ትንሽ የምትመስል ስሕተትም አርመዋል፤ በላጉ (የኬብሉ ጫፍ ላይ የሚጨመቀው ማያያዣ) እና በባትሪው መዳብ መካከል ሮንዴላ ገብቶ ነበር። ላግ መዳቡን በቀጥታ መንካት አለበት፤ ሮንዴላው ከላጉ በላይ፣ ከዳዶው በታች ነው ቦታው። የማይዝግ ብረት ሮንዴላ ፍሰት መሐል ሲገባ እንደ ምድጃ ይግላል። ኬብል ስትገዙም ጫፉን ፋቅ አድርጋችሁ እዩ፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው፤ ቢረክስም ተዉት።

የቢኤምኤሱን የመገናኛ ሽቦ ከባትሪ ኬብሉ 30 ሳንቲ ሜትር አርቀው፣ መሻገር ባለበት ቦታ ቀጥ ባለ ማዕዘን አሻገሩት። ያበጡት ካፓሲተሮችም በተመሳሳይ መጠንና ቮልት፣ 105 ዲግሪ በሚችሉ ተተኩ። ሲያበሩት በቀጥታ ብሬከሩን አልገፉትም፤ ካፓሲተሮቹን በ30 ኦም ሬዚስተር ጥቂት ሰከንድ ሞልተው ነው፤ ብልጭታ አልነበረም።

ከሥራው በፊትና በኋላ በኢንቨርተሩ የባትሪ መግቢያ ላይ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገው ለክተዋል። በ4 ኪሎዋት ጭነት 0.7 ቮልት የነበረው 0.4 ሆነ። ይህ ቁጥር የ100 ኸርዙን ሪፕል (የቮልት ከፍ ዝቅ ማለት) ብቻ እንደሚያሳይ፣ አብዛኛው ቅናሽም ከኬብሉ ማጠርና መደረብ እንደመጣ ሳይደብቁ ነግረውናል፤ ተራ ቴስተር ፈጣኑን ውዝዋዜ አያየውም። የኢንደክታንሱ ውጤት የታየው ፓምፑ ሲነሳ ነው፤ ጩኸቱ ቀርቷል፣ መገናኛውም አልተቆረጠም።

ሥራው አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። ቅሬታ ካለን አንድ ነው፤ የሠሩትን ሥዕል በወረቀት እንዲተዉልን ሁለት ጊዜ ማሳሰብ ነበረብን። የመጣው ሥዕል ግን ርዝመቱ ሁሉ የተጻፈበት ነው፤ ሳጥኑ በር ላይ ለጥፈነዋል።

ስልካቸውን ፈቃዳቸውን ሳንጠይቅ እዚህ አንለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ እናገናኛችኋለን። ስትጽፉ ሦስት ነገር ላኩ፦ ከባትሪው እስከ ኢንቨርተሩ ሁለቱም ኬብሎች ሙሉ በሙሉ የሚታዩበት ፎቶ፣ ርዝመታቸው በሜትር፣ እና የኢንቨርተሩ ዋትና ቮልት። ሳይመጡ በፎቶው ብቻ ግማሹን ይነግሯችኋል።